ድሬዳዋ፤ ሐዲድ የወለዳት ከተማ

ከዲላ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ መንገደኛ ነገሩ ሁሉ እንግዳ ይሆንበታል። የጌዴኦ አገር በእንሰትና በቡና ጥላ ሥር የሚኖር ሲሆን፥ ድሬዳዋ ግን በሐሩር ሜዳ ላይ፥ በደቻቱ አሸዋ ግራና ቀኝ ተቀምጣለች። ዲላን ያሳደጋት የቡና ንግድ ነው፤ ይህችን ግን የወለዳት ሐዲድ ነው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለሙሴ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ በሰጡ ጊዜ፥ ሐዲዱ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ተራራውን ለመውጣት ወጪው ስለ በዛ ኩባንያው ሜዳውን መረጠ፤ ባቡሩም ታኅሣሥ 15 ቀን 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከዚህ ደረሰ። ከተማይቱም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች። ከዚያ ወዲያ ኩባንያው ከሰረ፤ በ1900 ዓ.ም. ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተካ፤ ሐዲዱም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ከደቻቱ ወዲህ ከዚራ አለ፤ መንገዱ እንደ ገመድ የተዘረጋ፥ ዛፍ የተተከለበት፥ የኩባንያው ሰዎችና የውጭ አገር ነጋዴዎች የኖሩበት ሰፈር ነው። ከደቻቱ ወዲያ መጋላ አለ፤ ገበያውና ጫጫታው በዚያ ነው። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ስለ ሆነ ሰው ይንቀዋል፤ ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ነፍስ ወሰደ። በባቡሩ ሠራተኛ ቤት አባት ከጋራዡ ፈረንሳይኛ ይዞ ይገባ ነበር፤ እናት በገበያ በኦሮምኛና በሶማልኛ ትዋዋላለች፤ ልጆችም በአማርኛ ይማሩ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት በሌላ አገር ብዙ አይገኝም።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው በዚህች ከተማ አልፈው ወደ ስደት ሄዱ። ሳምንት ሲሞላ፥ ግንቦት 1 ቀን፥ ጠላት ገባባት፤ ከአዲስ አበባ በባቡር የተላከው ጦር ከሐረር ከወረደው ከግራዚያኒ ጦር ጋር የተገናኘው በዚሁ ነው። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካ አቆሙባት። ስለዚህ ጠላት ጠቅሞናል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ለማን ታስቦ እንደ ተሠራ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል እላለሁ። የዘሩን አዋጅ በ1929 ዓ.ም. ያወጣው ያው እጅ ነውና።

መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ገቡ። ይሁን እንጂ በ1934 ዓ.ም. ውል መሠረት ከተማይቱና ባቡሩ በእንግሊዝ ጦር እጅ ቀሩ፤ እንዲመለሱ ስምምነት የተደረገው በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. ነው። ወዳጅ የሆነ እንግዳ ሲያመሽ ውጣ ማለት ከጠላት ይልቅ ያስቸግራል።

በቻይና ሰሜን ምሥራቅ ያለችው ሐርቢንም ዕድሏ ይህን ይመስላል። ሩስያውያን በ1890 ዓ.ም. ሐዲድ ሲዘረጉ ቆረቆሯት፤ ጃፓን በ1924 ዓ.ም. ያዛት፤ እስከ 1937 ዓ.ም. ክረምትም አለቀቃትም።

ዛሬ ደግሞ ቻይናውያን የሠሩት አዲሱ የባቡር መሥመር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ፥ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ቆሟል። በከዚራ ያለው የቀድሞው ጣቢያ ግን አዲሱ ባቡር አይደርስበትም።