ለዳገት የሚሆን ቬንትሌተር

ሞተር ሲቀየር ሁሉም የሚጠይቀው ካምቢዮው ይገጥም እንደሆነና የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ እንዴት እንደሚስተካከል ነው። የቤንዚን ላንድክሩዘር ከሶማሌ ተራ የናፍጣ ሞተር ተገዝቶለት ሲገጠም፣ ራዲያተሩን የሚያበርደው ቬንትሌተር በመጨረሻው ቀን በተረፈው ቦታ የሚሸጎጥ ዕቃ ይሆናል። ከመካነ ሰላም ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ጭኖ ለሚመለስ መኪና ግን ከሞተሩ ቀጥሎ መታሰብ ያለበት እሱ ነው።

፠

መካነ ሰላም ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላ ቀቅሎ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ደህና የራዲያተር ክዳን ግፊት ስለሚይዝ መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል፤ ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ያችኑ 91 ላይ ያስቀረዋል። ብዙው ተርሞስታት መከፈት የሚጀምረው ከ82 እስከ 88 ባለው ውስጥ ነው። ክዳኑ ካልያዘ ከዚያ እስከ መፍላቱ ያለው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ክዳኑን ቀይሩ።

፠

አየሩም ስስ ነው። ቬንትሌተሩ እዚህ የሚስበው አየር ክብደቱ ባሕር ጠለል ላይ ከሚስበው ሩብ ያህል ይጎድላል። ቆላ ላይ «ልክ ነው» የተባለው እዚህ ያንሳል።

፠

በአንደኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ መኪናው ይንፏቀቃል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ከፊት የሚገባ ነፋስ የለም። በቺንጋ የሚዞር ቬንትሌተር ከሞተሩ ጋር ስለሚፈጥን የሚበረታው በዚያችው ሰዓት ነው። ትልቅ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ከ20 አምፔር በላይ ይፈልጋል። የድሮ ዲናሞ ይህን ከፊት መብራቱ ጋር ደርቦ አይችልም፤ ሽቦው ከቀጠነ ደግሞ ማታ፣ ዳገቱ መሃል ይቃጠላል። ለዚህ አገር የጭነት መኪና እኔ የቺንጋውን እመርጣለሁ።

፠

የቺንጋውም ቢሆን መሃሉ ላይ የሲሊኮን ዘይት ያለበት ፍሪሲዮን አለው። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅ ሲገፉት መክበድ አለበት። እንደ መንኮራኩር ብዙ ጊዜ ከዞረ ዘይቱ አልቋል። በብሎን አስሮ ማዞር መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ፤ የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይጎዳል።

፠

አንድ ጋራዥ በር ላይ ቬንትሌተሩን ከቦ ከራዲያተሩ ጋር የሚታሰረው ፕላስቲክ ተጥሎ አየሁ።

«ጋሼ፣ ይኼስ?»

«ሞተሩ ወደ ፊት ገፋ ስላለ አላስገባ አለን፣ ልጄ።»

በጣም አዘንኩ። ያ ፕላስቲክ ከሌለ ቬንትሌተሩ አየሩን በራዲያተሩ በኩል መሳቡን ትቶ ከሞተሩ ዙሪያ ያለውን ትኩስ አየር መልሶ ያሽከረክራል። የቀድሞው ካልገጠመ በላሜራ ይሠራ፤ የክንፉ ግማሽ ስፋት በውስጡ ይግባ፣ ክንፉም ከራዲያተሩ ሁለት ጣት ያህል ይራቅ። የአንድ ቀን ሥራ ነው።

፠

ከሌላ መኪና የመጣ ክንፍ አንዳንዴ ለተቃራኒ ዙር የተሠራ ይሆናል። ሞተሩን አስነስቶ ሲሞቅ ከፊት ፍርግርጉ ላይ ወረቀት ማስጠጋት ነው። ከተለጠፈ ይስባል፤ ከተገፋ ክንፉ የዚያ ሞተር አይደለም።

፠

ዳገቱ ጫፍ ላይ አሽከርካሪው የመኪናውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሮ ሞተሩን ሳያጠፋ ይቆማል። ረዳቱ ጀሪካኑን ይዞ ወርዷል። «ተው፣ ክዳኑን አትንካ» ይለዋል፤ ረዳቱም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።