የሮብ ማዕድ፤ ከሮብ ገበያ ያመጣናቸው የወሩ ምርጦቻችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

እንደተለመደው በወሩ ውስጥ በልተን የወደድነውን፣ ቤተሰባችንን ያዝናናውንና ለጤናችን የበጀንን ልናካፍላችሁ ቀርበናል። በሌላ ጊዜ አንዱን ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ እንለቅም ነበር። በዚህ ወር ግን ሁሉንም ያገኘነው ከአንድ ቦታ ነው፤ ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከሮብ ገበያ።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ደጀን የደረሰ መንገደኛ፣ የደብረ ማርቆስን መንገድ ትቶ ወደ ቀኝ ቢታጠፍ ቢቸናን ያገኛል። ከዚያም ደብረ ወርቅን አልፎ ወደ ሞጣ ያቀናል፤ መንገዱም ከሞጣ በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። ለሮብ ገበያ ስሟን የሰጣት የገበያ ቀኗ ነው። የጮቄ ተራራ ይታያል፤ ዙሪያው የጤፍ አገር ነው። እዚያ የሚኖሩት አጎታችን ሐጂ ለዓመታት «ልጆቹን አምጧቸውና አገራቸውን ይወቁ» ሲሉን ኖረዋል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ምክንያት መሄድ ሳንችል ቆይተን፣ አልሐምዱሊላህ በዚህ ወር መንገዱ ገርቶልን ልጆቻችንን ይዘን ደረስን።

ምግብ፤ የረቡዕ ወጥ

የደረስነው ማክሰኞ ማታ ነበር። በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ገበያተኛው ከየአቅጣጫው ይጎርፍ ጀመር። ጤፉን በአህያ የጫነ፣ ዶሮውን ያንጠለጠለ፣ በርበሬዋን በአቁማዳ የተሸከመች፣ ሁሉም ወደ አንድ ሜዳ ይተማል። ልጆቻችን የከተማ ልጆች ናቸውና አህያ በተራመደ ቁጥር መንገድ እየለቀቁ አጎታችንን በሳቅ ገደሏቸው።

ረፋድ ላይ ራበን። ሐጂ ከገበያው ጥግ፣ ከእህል ተራው አጠገብ፣ ምድጃቸውን ተክለው ምግብ ወደሚሸጡ አንዲት እናት ወሰዱን። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። በአንዱ ድስት ሹሮ ይንተከተካል፤ በሌላው የሽንብራ ዓሣ ወጥ፤ በሰፌድ ላይ የባቄላ ንፍሮና ቆሎ። ልክ ልንቀመጥ ስንል የስምንት ዓመቷ ልጃችን ጮክ ብላ፣ «እዚህ ቤት መብላት ሐላል ነው?» አለች።

አፈርን። የምንገባበት ጠፋን። ሴትዮዋ ግን ቀና ብለው ፈገግ አሉና፣ «ደግ ጠየቅሽ ልጄ። ዛሬ ሮብ አይደለም እንዴ? በሮብ ሥጋም ቅቤም እዚህ ደጅ አይደርስም። ድስቱም የጾም ድስት ነው። የሮብ ወጥ የኛም የናንተም ነው፤ ተቀመጪ» አሏት።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልን። በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን ሥጋ አለመብላቱ የቆየ ልማድ ነው። የፊቅሁን ዝርዝር ለዑለማዎቻችን እንተወውና፣ በሠርግም በለቅሶም ድግሱ ለሁለት ተከፍሎ፣ ሰንጋው ለየብቻ ታርዶ ስናይ አድገናል። ረቡዕና ዓርብ ግን ለኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች የጾም ቀናት ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በቀር በአብዛኛው በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይቀምሱም። ታዲያ ገበያው ረቡዕ የሚውል በመሆኑ ከሰባቱ ቀናት በዚህ ቀን የሚወጣው ማዕድ፣ ማንም ማንንም «ማን አረደው?» ብሎ የማይጠይቅበት ማዕድ ነው።

የሽንብራ ዓሣውን ስለወደድነው አሠራሩን ጠየቅን። የሽንብራ ዱቄት በጨው፣ በጥቂት በርበሬና በዘይት ጠንከር ተደርጎ ይለወሳል፤ በትናንሽ ዓሣ ቅርጽ ይቆረጥና በዘይት ይጠበሳል። በሌላ ድስት ሽንኩርት ይቁላላና በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ታክሎበት፣ በውኃ ቀጠን ብሎ ሲፈላ የተጠበሰው ይገባበታል። መረቁን ጠጥቶ ለስለስ ሲል ይወርዳል። ሥጋ በተወደደበት በዚህ ዘመን ለብዙ ልጆች እናት የሚጠቅም፣ ጥጋቡም ከሥጋ የማያንስ ወጥ ነው።

ልጆቹ እየተሻሙ ሲበሉ፣ አብሳይዋ ራሳቸው አንዳች እንዳልቀመሱ አስተዋልን። ጠየቅናቸው። «እኔማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጿሚ ነኝ» አሉ። በዚያ ሁሉ የወጥ ሽታ መካከል፣ ለተራበው ሁሉ እየጨለፉ፣ እሳቸው ምራቃቸውን ይውጣሉ።

የምንጠጣውስ? በገበያ ጠላና አረቄ አይጠፋም፤ የኛ ሰዎች ግን የራሳቸው አላቸው። አንዱ ብርዝ ነው፤ ማር በውኃ ተበጥብጦ ሳይፈላ የሚጠጣ። ሌላው ቀሪቦ ነው፤ ገብስ እስኪጠቁር ተቆልቶ፣ በውኃ ተቀቅሎና ተጣርቶ፣ ስኳርና እርሾ የሚገባበት። እዚህ ላይ ለወጣቶቻችን አንድ ማሳሰቢያ አለን። ቀሪቦም ሆነ ብርዝ ባደረና በሰነበተ ቁጥር ይፈላል፤ ሲፈላም አልኮል ያበጃል። ስሙ የሙስሊም መጠጥ መሆኑ ብቻ ሐላል አያደርገውም። የሐጂ ባለቤት ቀሪቦውን እርሾ ሳያስገቡ በዕለቱ ጠምቀው በዕለቱ ያስጨርሳሉ። እኛም የወደድነው ይህን ነው።

ሐጂ ለምን እዚያ ተቀመጡ?

ከሴትዮዋ ዘንድ ከተነሣን በኋላ ሐጂ አንድ ነገር አጫወቱን። እሳቸው ቀድሞ ነጋዴነታቸው በሞጣ ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በዕለተ ጁሙዓ፣ በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች መቃጠላቸውን የማያስታውስ አንባቢ የለም። ድርጊቱን የሁለቱም ሃይማኖት መሪዎች አውግዘውታል፤ ለመልሶ ማቋቋሚያም ከመላው አገሪቱ ገንዘብ ተዋጥቷል። የሐጂ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅም በዚያ ቀን ከነዕቃው አመድ ሆነ። የተረፈቻቸውን ይዘው ወደ ሮብ ገበያ መጡና መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው እንደገና ጀመሩ።

«አንድ ዓመት ያህል ከክርስቲያን እጅ ውኃ እንኳ አልጠጣሁም» አሉን። «ሸቀጤን እሸጣለሁ፣ ብሬን እቀበላለሁ፣ ቀና ብዬ ፊቱን አላይም። ሱቄ ሲነድ ቆመው ያዩት ፊቶች ይመጡብኛል። አንድ ረቡዕ ዝናብ መጣና ሸራዬን ጠቅልዬ ጥግ ፍለጋ ስሮጥ ይቺ ሴት ጠራችኝ። ‹ሐጂ፣ ግቡ እንጂ፤ ሮብ ነው፣ ቅመሱ› አለችኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እምቢ ብል የሚቀርብኝ ወጥ ነው፤ ግን እምቢታው ከኔ ጋር ቤቴ ይገባል፣ ልጆቼም ይወርሱታል። ቢስሚላህ ብዬ ጎረስኩ።»

«ይቅር አሉ ማለት ነው?» ብለን ጠየቅን።

ዝም ብለው ቆዩ። «ያቃጠለውን አልረሳሁም፤ ፍትሑን ከአላህም ከሕግም እጠብቃለሁ። የሷ እጅ ግን ክብሪት አልያዘም። ያልበደለኝን ሰው በበደለኝ ሰው ዕዳ ብይዘው እኔም በዳይ ሆንኩ።»

ይህን ቃል ይዘነው ተመለስን። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሙምተሒና፣ በሃይማኖታችን ካልተዋጉንና ከቀያችን ካላፈናቀሉን ጋር በጎ መዋልንና በፍትሕ መኗኗርን እንደማይከለክለን አስተምሮናል። ትምህርቱን ብዙ ጊዜ በመድረክ ሰምተነዋል፤ ዋጋ ተከፍሎበት ያየነው ግን ሮብ ገበያ ላይ ነው።

ደግሞም የገበያና የሙስሊም ነጋዴ ታሪክ በጎጃም የቆየ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በየጁቤ አካባቢ ይቆም የነበረው የባሶ ገበያ፣ ሙስሊም ነጋዴዎች ከዓባይ ማዶ ከጊቤ አገሮች ቡናና ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ የሚያመጡበት ታላቅ ገበያ ነበር። ከሩቅ አገር የመጣው ነጋዴና የአካባቢው ገበሬ በአንድ ሜዳ ውለው በሰላም የሚለያዩት ሁለቱም ስለሚፈላለጉ ነው። ገበያ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው።

ጨዋታ፤ «ሀገር ስጠኝ»

ወደ መዝናኛው እንለፍ። ማታ ማታ ከመግሪብ እስከ ዒሻ፣ ከዒሻም በኋላ ጥቂት፣ የሐጂ ቤት ልጆች ከልጆቻችን ጋር እንቆቅልሽ ይጫወታሉ። ስልካቸውን ከእጃቸው የማያስቀምጡት ልጆቻችን በሁለተኛው ምሽት ስልኩን ረሱት። «እንቆቅልህ!» ይላል አንዱ፤ «ምን አውቅልህ!» ይመልሳል ሌላው። መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል። ወንዱ ልጃችን ባንድ ምሽት አዲስ አበባን፣ አዳማን፣ ድሬዳዋን አስረክቦ ባዶ እጁን ቀረ። እንዲህ ያለው ጨዋታ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አእምሮን ያሠራል፣ አንደበት ይፈታል፣ ካርታም ያስጠናል።

የሐጂ የመጨረሻ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከሞጣ ሲወጡ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። ተሸንፎ ቢቸናን ሰጠ፤ ደብረ ወርቅን ሰጠ፤ ደጀንን ሰጠ። የኛ ልጅ «እንግዲህ ሞጣን ስጠኝ!» አለው። «እሱን አልሰጥም» አለ ልጁ። «ሕጉ እኮ ነው!» «ሌላ ውሰድ። ሞጣ የኛ ነው።»

ሐጂ በፋኖሱ ብርሃን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተስቢሓቸውን መቁጠር ጀመሩ። ማንም አልተናገረም። ልጁ በመጨረሻ ባሕር ዳርን ከነጣናው ሰጥቶ ሞጣን አተረፈ።

ጤና፤ ከገበያው የሸመትነው

በጤና በኩል ሦስት ነገር ወደድን። መጀመሪያው መፋቂያ ነው። በገበያው በእስር በእስር ተደርድሮ ይሸጣል። ጥርስን በእንጨት ማጽዳት የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ልጆቻችን ግን ያውቁት የነበረው በወሬ ነው። አሁን ከውዱእ በፊት ይፍቃሉ። ጫፉ ሲሻክር እየተቆረጠ፣ ድድ እንዳይደማ በቀስታ ይደረግ፤ አንዱ የሌላውን አይጠቀም።

ሁለተኛው ተልባ ነው። ተቆልቶና ተወቅጦ በውኃ ተበጥብጦ ሲጠጣ ለሆድ ድርቀት ይረዳል፤ አሠር ስለበዛበት በደንብ ውኃ ሊጠጡበት ይገባል። ማርም ሸምተናል። በማር ውስጥ ፈውስ እንዳለ ቁርኣናችን ይነግረናል፤ ሆኖም አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ማቅመስ አደገኛ መሆኑን ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉና እናቶች አደራ።

ሦስተኛው ገንዘብ የማይገዛው ነው፤ በእግር መሄድና በጊዜ መተኛት። በሮብ ገበያ ከዒሻ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ጸጥ ይላል። ለፈጅር ስንነሣ ማንም ማንንም መጎተት አላስፈለገውም። በከተማ ልጅ ለሱብሒ የሚቀሰቅስ ወላጅ ይህ ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ ያውቀዋል።

የረቡዕ ስንቅ

አንዲት ነገር ጨምረን እናብቃ። ያን ረቡዕ ገበያው ሲፈታ፣ ለመሰናበት ወደዚያች እናት ምድጃ ተመለስን። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበርና ምግባቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሐጂን ሲያዩ ተነሡና ቆሎና ንፍሮ በጨርቅ ቋጥረው ዘረጉላቸው። «ነገ ሐሙስ ትጾሙ የለም እንዴ ሐጂ? ለመፈሰኪያዎ ይያዙት» አሉ። ልጆቻችን «መፈሰኪያ!» ብለው ሳቁ። ሐጂ ግን አልሳቁም። ቋጠሮውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና «አላህ ያክብርልኝ» አሉ።

ሰኞና ሐሙስ መጾም የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ነው። እሳቸው ረቡዕ ይጾማሉ፣ ሐጂ ሐሙስ ይጾማሉ፤ አንዳቸው የሌላቸውን ቀን ያውቃሉ። በማግሥቱ መግሪብ ላይ ያን ንፍሮ ከተምር ጋር ቀርቦ አብረን አፈጠርንበት።

ውድ አንባቢያን፣ በያላችሁበት ከተማ ረቡዕ የማይውልበት ሳምንት የለም። በመጪው ረቡዕ የሽንብራ ዓሣ ወጥ ሥሩና አንድ ጎረቤት ጥሩ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መሆኑን ብቻ አትርሱ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።