ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም

ከናይቫሻ ወደ ናይሮቢ በማይ ማሂዩ በኩል የሚወጣው ዳገት መኪና ሊቆምበት የሚገባ ቦታ አይደለም። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ ወገን ተራራው፣ በሌላው ወገን ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርድ ገደል። ዩጋንዳ ጭነት አራግፈው ወደ ሞምባሳ የሚመለሱ ከባድ መኪኖች በዚሁ ይወጣሉ፣ ጭነት የያዙት ደግሞ በዚሁ ይወርዳሉ። መንገዱን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠሩት የጣሊያን ምርኮኞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1942 የሠሯት ትንሽ ቤተ ክርስቲያንም ከዳገቱ ሥር እስከ ዛሬ አለች። በኬንያ ከታሰሩት ምርኮኞች ብዙዎቹ ከእኛው አገር የተማረኩ ስለነበሩ፣ በዚያ ስናልፍ እናቴ ያንን ስነግራት ቤተ ክርስቲያኗን ዞር ብላ አይታ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ብዙም አልሄድንም።

መኪናችን ባለ ሰባት መቀመጫ ኦቶማቲክ ነው፤ እንደ አብዛኛው የናይሮቢ ቤተሰብ መኪና ከጃፓን አገልግሎ የመጣ። ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ የሆነው መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች፣ ሰው አቅሙ በሚችለው ዋጋ ሲገዛ ሰባትና ስምንት ዓመት የሠራውን ነው የሚያገኘው። እኛም እንደዚያው ገዝተን ልጆቻችንን አሳደግንበት። ካምቢዮው ከጉዞው ሳምንታት በፊት ምልክት ሰጥቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ማርሽ ሳስገባ ትንሽ ይዘገይና ድንገት ገፍትሮ ይነሣል። ያሳየኋቸው መካኒኮች ሁሉ «እርጅና ነው» ብለው ዘይት ጨምረው መለሱኝ። ራዲያተሩን የከፈተ አንድም ሰው አልነበረም።

ዳገቱ መሐል ላይ ሞተሩ ጮኸ። ነዳጅ ስሰጠው የዙር መቁጠሪያው ሽቅብ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ግን ይወርዳል። የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ትንሽ ተንፏቀቀና ቆመ፤ ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረግጬ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ከኋላዬ ከባድ መኪና አለ። በመስታወቱ የሚታየኝ የፊቱ መብራትና ፍርግርጉ ብቻ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ድንጋይ!» አልኩት። ታላቅ ወንድሜ በሩን ከፍቶ ዘሎ ወረደና ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ወተፈ። እናቴ ሁለቱን ልጆች በነጠላዋ ሰብስባ «ኪዳነ ምሕረት፣ አደራሽን» እያለች ነበር።

«እማዬ፣ በተራራው በኩል ውረጂ፤ ልጆቹን ይዘሽ ከመንገዱ ራቂ።»

«አንቺስ?»

«እግሬን ከፍሬኑ ላይ ማንሣት አልችልም።»

የከባድ መኪናው ሹፌር ኬንያዊ ነበር። በዚያ ዳገት ላይ መኪና አቁሞ እንደገና ማስነሣት ምን ያህል እንደሚከብድ ማንም ሹፌር ያውቀዋል፤ አልፎን ቢሄድ ማንም አይፈርድበትም። እሱ ግን የአደጋ መብራቱን አብርቶ ከኋላችን ቆመ፤ ከላይ ሆኖም ረዳቱን ቅጠል እንዲቆርጥ አዘዘው። ረዳቱ ቅጠሉን ከእኛ በላይም ከእሱ መኪና በታችም ራቅ ራቅ አድርጎ አስፋልቱ ላይ አነጠፈ። እኛም አገር በየመንገዱ የሚደረገው ይኸው ነው፤ ቅጠል ያየ ሹፌር ከፊቱ መኪና እንደቆመ ያውቃል። ሐምሌ ስለነበር ጭጋጉ ከሊሙሩ በኩል እየወረደ ነው፤ መኪኖቹ የሚታዩት አጠገባችን ሲደርሱ ነበር። ያ ቅጠልና የዚያ ሰው መኪና ባይኖሩ ይህን የምጽፍ አይመስለኝም። መኪናችንን የሚያነሣው እስኪመጣ ድረስ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ወንድሜ ገንዘብ ሲዘረጋለት እጁን መለሰውና ልጆቹን በሩቅ ሰላም ብሎ ሄደ።

ናይሮቢ ውስጥ የተበላሸ መኪና የሚያነሣውን «ብሬክዳውን» ይሉታል። የመጣው ባለ ሰንሰለት ጎታች ነበር፣ ወንድሜ ግን እምቢ አለና ጀርባው ላይ የሚጭን አስመጣን። ልክ ነበር። የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የሚዘዋወረው ሞተሩ ሲሠራ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው መሬት ላይ እየዞረ ከተጎተተ የውስጥ ብረቶቹ ዘይት ሳያገኙ ይፋጫሉ።

ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ያስገባነው ጋራዥ ምንም ሳይፈታ «ካምቢዮ ይቀየር፣ ከጃፓን የመጣ አለን» አለን። ከሥር ያለውን የዘይት ገንዳ አውርዳችሁ አሳዩኝ ብል ፈቃደኛ አልሆኑም። መኪናውን አስጭኜ ኢስሊ ወሰድኩት፤ እዚያ አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠሩ ያረጁ አንድ የአገራችን ሰው አሉ።

እሳቸው ካምቢዮውን አልነኩም። ቀዝቅዞ ስላደረ መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ከፈቱ።

«ልጄ፣ ነይ እዪው።»

ከክዳኑ ሥር የተጋገረው ነገር ወተት የገባበት የእንጆሪ ጭማቂ ይመስላል። በጣታቸው አንሥተው አሻሹት፤ ያሟልጫል።

«ይህ ውሃ ብቻ አይደለም፤ የካምቢዮ ዘይት ገብቶበታል። ውሃውም ወደ ካምቢዮው ገብቷል ማለት ነው።»

«እንዴት ይገናኛሉ፣ ጋሼ?»

አስረዱኝ። በእንደዚህ ዓይነት መኪና የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አልፎ ነው። በዘይቱና በውሃው መካከል ያለው ስስ ብረት ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ ዝገት ሲበላው ወይም ሲሰነጠቅ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ግፊት ወዲያው ይወርዳል፣ የጋለው ራዲያተር ግፊት ግን ይቆያል፤ ውሃው ወደ ካምቢዮው የሚገፋው ያኔ ነው። መኪናው ቆሞ ባደረ ቁጥር እየገደለን ነበር።

ካምቢዮው ሲፈታ የገንዳው ማግኔት በጥቁር የብረት ጭቃ ተሸፍኗል። ማርሹን የሚይዙት የፍሪሲዮን ዲስኮች ላይ እንደ ወረቀት ያለ ሽፋን አለ፤ በሙጫ የተለጠፈ ነው። ውሃውና አብሮት የሚጨመረው ፀረ ዝገት ሙጫውን አላቀውታል። አንዱን ዲስክ አነሡና በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፈቀፈቁት፤ ሽፋኑ እንደ ቆዳ ተገፎ ወደቀ። ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ያልዞረው ለዚህ ነው፤ የሞተሩን ጉልበት የሚይዝለት አልነበረም።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የመጀመሪያው ጋራዥ ምክር ነው። የቆዩ ሰዎች ግሮጋን እያሉ በሚጠሩት ኪሪኒያጋ ጎዳናም ሆነ ሌላ ቦታ ደህና ካምቢዮ ይገኛል፤ በሻጮቹ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ደህና የተባለውን ካምቢዮ ያንኑ ራዲያተር ላይ ቢገጥሙልን ኖሮ ውሃው እሱም ውስጥ ይገባ ነበር፤ እኛም ልጆቻችንን ጭነን ሌላ ዳገት ላይ እንቆም ነበር። የሰው ሕይወት የተሸከመ መኪና ምክንያቱ ሳይታወቅ ዕቃ ብቻ ሊቀየርለት አይገባም።

ጋሼ ዲስኮቹን በሙሉ በአዲስ ቀየሩ፤ ቫልቮቹን አጠቡ፤ የዘይቱን ቧንቧዎች ከራዲያተሩ ነቅለው ከፊቱ ለብቻዋ ከተተከለች ማቀዝቀዣ ጋር አገናኙ። ራዲያተሩንም አዲስ አስገቡ። አሁን ውሃውና የካምቢዮው ዘይት የሚገናኙበት ቦታ የለም።

እንደ እኛው ዓይነት መኪና ለያዙ ሁለት የአገር ልጆች እዚያው ጋራዥ ሆኜ ደወልኩላቸው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የራዲያተራችሁን ክዳን ከፍታችሁ ቀለሙን ንገሩኝ አልኳቸው። የአንዱ ንጹሕ አረንጓዴ ነበር። ሌላኛዋ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ፤ ከክዳኑ ጠርዝ ላይ ስስ ሮዝ አረፋ ይታያል። ካምቢዮዋ ገና ምንም ምልክት አላሳየም ነበር። ጋሼ ፎቶውን ከእጄ ተቀብለው አዩና «ቁልፉን እንዳትነካው በያት፤ አስጭና ታምጣው» አሉኝ።