«ኢንሻአላህ» ማለት «አይሆንም» ማለት ነውን?



ልጆች ከወላጆቻቸው አፍ ደጋግመው ከሚሰሟቸው ቃላት አንዱ «ኢንሻአላህ» ነው። አዲስ ጫማ ሲጠይቁ፣ ዘመድ ቤት ውሰዱን ሲሉ፣ ብስክሌት ሲመኙ የሚያገኙት መልስ ይኸው ነው። ቃሉ ከባድ ቃል ነው። በሱረቱል ከህፍ ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተሰጠውን ትምህርት የሚያውቅ ሙስሊም ነገ የሚሠራውን ነገር ያለዚህ ቃል አይናገርም። ነገር ግን ሊፈጽሙት ያላሰቡትን ነገር በጨዋ ደንብ ለመሸኘት የሚጠቀሙበትም ጥቂቶች አይደሉም። ልጅ ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ ውሎ አድሮ ቃሉን በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል። «ኢንሻአላህ ካሉኝ ቀረ ማለት ነው» ይላል። ከቤተሰባችን ጋር ያሰብነው አንድ ጉዞ በተበላሸ ጊዜ ይኸው ጥያቄ በልጃችን አንደበት ፊት ለፊት መጣብን። የሆነውን ለእናንተ ማካፈል የፈለግነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ል. ክረምት፣ በነሐሴ ወር ነው። እኛ ባልና ሚስት የምንኖረው በአዲስ አበባ ሲሆን የአንዳችን እናት፣ የሌላችን አማት የሆኑት እናታችን ደግሞ በመቀሌ ይኖራሉ። ልጆቹ በአገሩ ወግ «አደይ» ብለው ይጠሯቸዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሦስቱን ልጆች ይዘን ልንጠይቃቸው ሄድን። ታላቋ የ11፣ መካከለኛው የ6፣ ትንሿ የ3 ዓመት ልጆች ነበሩ።

ገና ከአዲስ አበባ ሳንነሣ ለልጆቹ ቃል ገብተን ነበር፤ ነጋሽን እናሳያችኋለን፣ ኢንሻአላህ። ነጋሽ ከመቀሌ ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከውቅሮ አለፍ ብላ በአዲግራት መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ615 የቁረይሾችን ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሰሓቦች ታሪክ ከስሟ ጋር የተሳሰረ ነው። 15 ሰሓቦች በዚያ እንደተቀበሩ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል። ጥንታዊው የአል-ነጃሺ መስጊድ በቱርክ ድጋፍ ታድሶ ብዙም ሳይቆይ በ2013 ዓ.ል. በጦርነቱ በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ጉልላቱና ሚናራው ተጎድቷል። አደይ ከጦርነቱ በፊት ለዐሹራ በየዓመቱ ይሄዱ ነበር። መመታቱን ከሰሙ ወዲህ ግን እግራቸው እዚያ አልረገጠም። «ከልጅ ልጆቼ ጋር ከሆነ ልቤ ይችለዋል» ብለውን ስለነበር ጉዞው የልጆቹ ብቻ ሳይሆን የእርሳቸውም ጭምር ነበር።

ዝግጅቱ አልጎደለም። አንድ ሚኒባስ በኮንትራት ይዘን ቀብድ ከፈልን። የአደይ ሰፈር መንገድ በዝናቡ ጭቃ ሆኖ መኪና ስለማያስገባ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሮማናት አደባባይ ለመገናኘት ተስማማን። አደይ በዋዜማው ሕምባሻ ጋገሩ፤ እንቁላል ተቀቀለ፤ ተምርና በፔርሙስ ሻይ ተዘጋጀ። ሦስት ሰዎች እንኳ ለጉዞ ሲወጡ ከመካከላቸው አንዱን አሚር ያድርጉ የሚለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት ተከትለን ታላቋን ልጅ የጉዞው አሚር አደረግናት። እርሷም ሹመቷን አክብራ ነጋሽ ስንደርስ የምትጠይቃቸውን 12 ጥያቄዎች በደብተሯ ላይ ጻፈች። በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ መመለሻችን ስለነበር ያለን ቀን ያ ቅዳሜ ብቻ ነበር።

ፈጅርን ሰግደን፣ የጉዞ ዱዓ አድርገን በባጃጅ ሮማናት ደረስን። ሮማናት የመቀሌ እምብርት ነው ማለት ይቻላል። በማለዳውም ቢሆን ባጃጁ፣ ሊስትሮው፣ ካርድ ሻጩ፣ ወደ ሥራ የሚጣደፈው ሰው ሁሉ የሚተላለፍበት ነው። ታላቋ ልጅ «ሮማናት ማለት ብዙ ሮማን ማለት ነው» ብላ ለወንድሟ አስረዳችው። ሮማን በቁርኣን ከተጠቀሱት ፍራፍሬዎች አንዱ መሆኑን መድረሳ ተምራለች። ልጁም ዙሪያውን ተመለከተና «ታዲያ ሮማኑ የት አለ?» ሲል ጠየቀ። ሁላችንም ሳቅን፤ እርሱ ግን አልሳቀም።

አንድ ሰዓት ሆነ፤ ሚኒባሱ የለም። አንድ ተኩል ሆነ። ስልክ ስንደውል ሾፌሩ ነዳጅ ሰልፍ ላይ መሆኑን ነገረን። ሁለት ሰዓት ሲሆን ሰልፉ አልተንቀሳቀሰም አለን፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ተዘጋ። ሌላ መኪና ብንጠይቅም ነዳጅ ያለው አልተገኘም፤ የተገኘውም የጠየቀው ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም። ትንሿ ልጅ ማልቀስ ጀመረች። የአባትየው ፊትም ተለዋወጠ፤ ስልኩን እንደጨበጠ ሲቆም አደይ ከካፌው በረንዳ ሆነው «ተቀመጥ ልጄ» አሉት። ቆሞ የተቆጣ ሰው ይቀመጥ የሚለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምክር ማስታወሳቸው ነበር። ተቀመጠ። ሻይ ታዘዘ። ያን ጊዜ ነበር መካከለኛው ልጅ በአጠገባችን አለመኖሩ የታወቀው።

ልጅ የጠፋበት ሰው ያን ሰዓት ያውቀዋል። አንዳችን በካፌዎቹ በኩል፣ ሌላችን በአስፋልቱ ማዶ ሮጥን። አደይ ሁለቱን ልጆች ይዘው፣ ልጁ ተመልሶ ቢመጣ ባዶ ቦታ እንዳያገኝ ከተቀመጡበት አልተነሡም። ልጃችን ትግርኛ አያውቅም። አገሩን አያውቅም። የአደይን ሰፈር ስም እንኳ በትክክል አይጠራም። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ልባችን አብሮ ይሄድ ነበር። የቻልነው ምላሳችንን ከዚክር አለማስለየት ብቻ ነበር።

ሃያ ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ አንድ የሊስትሮ ልጅ በአማርኛ «ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ ነው የምትፈልጉት?» እያለ ወደ እኛ መጣ። ተከትለነው ሄድን። ልጃችን በመንገዱ ዳር በለስ ከምትሸጥ አንዲት እናት አጠገብ በካርቶን ላይ ተቀምጦ የተላጠ በለስ ይበላል። ሮማን ፍለጋ ሄዶ በለስ አግኝቷል! ያልተላጠውን ነክቶ ኖሮ ጣቶቹ ላይ ደቃቅ እሾህ ተሰክቷል፤ ሴትዮዋም አንድ በአንድ እየነቀለችለት «ኣጆኻ ወደይ» ትለዋለች፤ አይዞህ ልጄ ማለቷ ነው። በአንገቷ ማተብ ያሰረች፣ በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ናት። ልጁን ይዛ ብትዞር ይበልጥ እንተላለፋለን ብላ ሥራዋን ሳትተው ከአጠገቧ አስቀምጣው የሊስትሮውን ልጅ ሰው ፍለጋ የላከችው እርሷ ናት። ገንዘብ ብንሰጣት አልቀበልም አለች። ጭራሽ ለሁለቱ ልጆችም በለስ ላጠች። ደርሰው የነበሩት አደይ «የቐንየለይ» ብለው አመሰገኗትና ወዲያው ለልጆቹ «ከሦስት በላይ አይበላም፣ ሆድ ያደርቃል» የሚል አዋጅ አወጡ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ጠቆረ። ሾፌሩ ደውሎ ነዳጅ ያገኘሁ እንደሆነ ከስምንት ሰዓት በኋላ እመጣለሁ አለ። በዚያ ሰዓት ተነሥቶ፣ በክረምት ዝናብ፣ ከሕፃናትና ከአዛውንት ጋር ሄዶ መመለስ እንደማይሆን ሁላችንም አወቅነው። (ቀብዱን በዚያው ምሽት ሰው ልኮ መልሶልናል፤ አላህ ይስጠው።) ጉዞው መቅረቱን ስንናገር ታላቋ ልጅ ደብተሯን ዘጋችና እንባዋ እየወረደ እንዲህ አለች፦ «ለዚህ ነው ኢንሻአላህ ያላችሁን! ኢንሻአላህ ማለት አይሆንም ማለት ነው።»

መልሱን በመንገድ ላይ አልሰጠናትም። ቤት ገብተን ዙህርን ሰገድን። ለነጋሽ የተቋጠረውን ስንቅ ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተን ፈታነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሕምባሻው እየተቆረሰ ሳለ አደይ ጀመሩ። የነገሩን በሰሒሕ አል-ቡኻሪ የተዘገበውን የአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪን (ረ.ዐ) ታሪክ ነበር።

አቡ ሙሳ የየመን ሰው ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መሰደዳቸውን በሰሙ ጊዜ ከሁለት ወንድሞቻቸውና ከ50 ከሚበልጡ የአገራቸው ሰዎች ጋር በመርከብ ተሳፍረው ወደ እርሳቸው ተነሡ። ኒያቸው መዲና ነበር። መርከቧ ግን ያደረሰቻቸው ያላሰቡት አገር፣ ከነጃሺ ምድር ከሐበሻ ነው። እዚያም ጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብንና (ረ.ዐ) ሌሎቹን ስደተኞች አገኙ። አብረዋቸው ኖሩ። ወደ መዲና የገቡት በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ኸይበር በተከፈተችበት ወቅት ነበር። ከተመላሾቹ አንዷ የጀዕፈር ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ነበሩ። ልጃቸውን ዐብዱላህን የወለዱት እዚሁ በሐበሻ ምድር ነው። ዑመር (ረ.ዐ) «በሂጅራ ቀደምናችሁ» ባሏቸው ጊዜ ዝም አላሉም፤ ጉዳዩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቀረቡ። ነቢዩም ለሌሎቹ አንድ ሂጅራ ሲኖራቸው ለመርከቧ ሰዎች ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ፈረዱ።

«አየሽ» አሉ አደይ ለታላቋ ልጅ፣ «መርከቧ ስትስት አጅሩ አልሳተም። እነርሱ ከቤታቸው የወጡት ከልባቸው ነበርና።» ቀጥለውም ለወንድሟ «አንተስ ዛሬ ነጃሺን አላየህም? ቁረይሾች ስደተኞቹን አስመልሱልን ብለው ስጦታ ሲልኩ ንጉሡ የሰው ልጅ አሳልፌ አልሰጥም አለ። የዛሬዋም ሴት የማታውቀውን ልጅ በእንግድነት ተቀብላ ለወላጆቹ እስክታስረክብ ጠበቀች» አሉት።

ከዚያ በኋላ እኛም ለታላቋ ልጅ መልሳችንን ሰጠን። ሊፈጽም ያላሰበ ሰው ሕምባሻ ያስጋግራልን? ቀብድ ይከፍላልን? በፈጅር ይነሣልን? ኢንሻአላህ ማለት የሰው ድርሻ እስከ ጫፍ ተሠርቶ የቀረውን ለአላህ መተው ነው አልናት። ጥቂት አሰበችና «እሺ፤ ግን ነጋሽ ቀረ ማለት ነው?» አለች። አደይ ቀድመው መለሱላት፦ «ነጃሺ የትም አይሄድም። 1,400 ዓመት የጠበቀን ለከርሞም ይጠብቀናል። ዕድሜ ከሰጠኝ እኔም እወስድሻለሁ፣ ኢንሻአላህ።» በዚህ ጊዜ ልጅቷ በእንባዋ መካከል ሳቀች። ደብተሯንም ከፍታ 13ኛውን ጥያቄ ጻፈች፤ የአቡ ሙሳ መርከብ የደረሰችው በየትኛው ወደብ ነው?

ውድ አንባቢያን! ከልጆች ጋር የሚወጣ ሁሉ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥመዋል። ከዚያ ቀን ያተረፍነውን ባጭሩ እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ኢንሻአላህን ለቁም ነገር እናቆየው። የማይሆነውን ነገር ለልጅ በግልጽ «አይሆንም» ማለት ይሻላል። ልጁ ለጊዜው ይከፋዋል እንጂ ቃሉን አይጠላም።

ሁለተኛ፣ ከቤት ሳንወጣ «ብንጠፋፋ የት እንገናኛለን?» የሚለውን ከልጆቹ ጋር እንነጋገር። የወላጅ ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በኪሳቸው ይሁን፤ የሚችሉት በቃላቸው ያጥኑት። የጠፋ ልጅ ባለበት እንዲቆምና ልጅ ወደያዘች እናት ወይም ተቀምጣ ወደምትሸጥ ሴት ጠጋ እንዲል እናስተምረው። ከቤተሰቡም አንድ ሰው ከመጀመሪያው ቦታ አይነሣ።

ሦስተኛ፣ ነገር ሲበላሽ «እንዲህ ብናደርግ ኖሮ» የሚለውን እንተው። ይህች «ኖሮ» የምትባል ቃል ለሸይጣን በር እንደምትከፍት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። ባልና ሚስት በልጆች ፊት ጥፋቱን መወራወር ከጀመሩ መኪና የቀረበት ቀን የጠብ ቀን ሆኖ በልጆቹ ልብ ይቀራል። ልጅ ያልሄደበትን ቦታ ይረሳል፤ ያን ዕለት የእናትና የአባቱ ፊት ምን ይመስል እንደነበር ግን አይረሳም።

አራተኛ፣ የተበላሸ ቃል ኪዳን ዕዳ ነው። «ቀረ» ብሎ ማለፍ ሳይሆን ሌላ ቀን መቁረጥ ያስፈልጋል። የነጋሹም ጉዞ ዕዳችን ነው፤ አደይም አበዳሪያችን ናቸው።

አላህ (ሱ.ወ) መንገዱን ሰላም፣ ኒያችንን የጠራ ያድርግልን። የጠፋውን ለቤተሰቡ፣ የተጎዳውን መስጊድ ለሰጋጁ ይመልስ። አሚን። ወላሁ አዕለም።