በሞንትጎመሪ የተጋገረው ፓይ

ስለ አሜሪካውያን የቤት ጣፋጭ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ፖም ፓይ ነው። እኔ ግን ዛሬ ወደ ደቡብ፤ የአላባማ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ሞንትጎመሪ ልወስዳችሁ እወዳለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከከተማው መካከል ካለው የፏፏቴ አደባባይ ተነሥታችሁ የዴክስተርን ጎዳና ሽቅብ ብትወጡ ከኮረብታው ላይ ነጩን የአላባማ ምክር ቤት ታያላችሁ። በታች በአደባባዩ ባሮች በጨረታ ይሸጡ ነበር፤ በላይ በምክር ቤቱ ደጃፍ በ1861 ጄፈርሰን ዴቪስ የደቡቦቹ ፕሬዚዳንት ለመሆን ቃለ መሐላ ፈጸመ፤ ወደ ምክር ቤቱ ሳትደርሱ ደግሞ ማርቲን ሉተር ኪንግ ያገለገሉበትን ባለ ቀይ ጡብ ቤተ ክርስቲያን ታገኛላችሁ። በእግር ጥቂት ደቂቃ ለሚፈጅ መንገድ ይህ ሁሉ ታሪክ አይበዛበትምን?

በዚህ አገር የሚወደደው ፓይ የስኳር ድንች ፓይ ነው። ስኳር ድንቹ ተቀቅሎ ይላጥና በትኩሱ ይደቆሳል፤ ቅቤ፣ ዕንቁላል፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቀረፋና ገውዝ ይገባበታል፤ ከዚያም በዝርግ ሳሕን ላይ በተነጠፈ ስስ ሊጥ ውስጥ ፈስሶ ይጋገራል። የፓይ አሠራር ከእንግሊዝ የመጣ ሲሆን ስኳር ድንች ግን የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱት ሰዎች በአገራቸው ቦዬን የለመዱ ስለ ነበሩ ይህን እንደ ዘመድ ተቀበሉት፤ እስከ ዛሬም ብዙ አሜሪካውያን ስኳር ድንችን «ያም» ሲሉት ስሙ ከምዕራብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተገኘ ነው። በጎጆአቸው ግን ነጭ ዱቄትና ስኳር እንደ ልብ ስለማይገኝ በረመጥ ቀብረው ይበሉት ነበር። ፓዩ የሚጋገረው በጌቶች ቤት ነበር፤ ጋጋሪዎቹ ግን እነዚሁ ሴቶች ናቸው።

ከነርሱ አንዷ ወይዘሮ አቢ ፊሸር ነበሩ። በባርነት ተወልደው፣ በአላባማ ኖረው፣ በኋላ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዱ። ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ በቃል እያስጻፉ በ1881 የምግብ አሠራር መጽሐፍ አሳተሙ። የስኳር ድንች ፓይ አሠራራቸው የብርቱካን ጭማቂና የተፋቀ ልጣጭ ይጨምርበታል፤ እንደ እኔ አስተያየት ከዘመኑ አሠራር ይልቅ ይኸው ይበልጣል።

አሁን ወደ ሞንትጎመሪ እንመለስ። በታኅሣሥ 1955 ሮዛ ፓርክስ በአውቶቡስ ወንበራቸውን ለነጭ አልለቅም በማለታቸው ሲታሰሩ ጥቁሮቹ በአውቶቡስ ላለመሳፈር አደሙ። አድማው 381 ቀን ቆየ። ሠራተኛውን ሁሉ በመኪና ለማመላለስ ለቤንዚንና ለጥገና ገንዘብ ያስፈልግ ነበርና ወይዘሮ ጆርጂያ ጊልሞር የተባሉ ወጥ ቤት ሴቶችን ሰብስበው ኬክና የስኳር ድንች ፓይ እያስጋገሩ ማሸጥ ጀመሩ። ከኬኮቹ አንዱ «የፓውንድ ኬክ» ነው፤ በጥንት አሠራሩ ዱቄቱም፣ ቅቤውም፣ ስኳሩም፣ ዕንቁላሉም እኩል አንድ አንድ ፓውንድ፣ ማለት 450 ግራም ያህል፣ ስለሚሆን ነው ስሙ የወጣለት።

ጋጋሪዎቹ ብዙዎቹ የነጮች ቤት ሠራተኞች ስለ ነበሩ ቢታወቅባቸው ከሥራ ይባረራሉ። ስለዚህ ማኅበራቸውን «ከየትም ያልሆነ ክበብ» አሉት፤ ገንዘቡ ከየት መጣ ተብሎ ቢጠየቅ «ከየትም» ብሎ ለመመለስ። ስማቸውን የሚያውቁት ወይዘሮ ጊልሞር ብቻ ነበሩ። ፓዩ በጠጉር ማሰማመሪያ ቤቶችና በየሰፈሩ ሲሸጥ ነጮችም ይገዙ ነበር። ገንዘቡ በየሳምንቱ በአድመኞቹ ስብሰባ ላይ ሲቀርብ ጭብጨባው ቤቱን ይሞላው ነበር ይባላል።

ወይዘሮ ጊልሞር ራሳቸው ግን አልተሸሸጉም። በመጋቢት 1956 በኪንግ ላይ በተከፈተው ክስ ቀርበው፣ አንድ ሾፌር ሒሳብ ከተቀበላቸው በኋላ «ውረጂና በኋላው በር ግቢ» ብሎ፣ ሲወርዱ ጥሎአቸው እንደ ሄደ መሰከሩ። በዚሁም ምክንያት ይሠሩበት ከነበረው ምግብ ቤት ተባረሩ። ኪንግ በቤታቸው እያበሰሉ እንዲሸጡ መክረው ለዕቃው መግዣ ረዷቸው፤ ትንሹም ቤት ጥቁርና ነጭ አብሮ የሚበላበት ሆነ።

በ1990 ከሰልማ ወደ ሞንትጎመሪ የተደረገው ሰልፍ 25ኛ ዓመት ሲከበር ለእንግዶቹ ዶሮና መኮሮኒ እያዘጋጁ ሳለ ታመው ዐረፉ። ዘመዶቻቸው ያንኑ ምግብ ለለቀስተኛው አቀረቡት።