ሁለት ማኅደር

ማኅደር የሚለው ቃል ኀደረ ካለው ግሥ ይወጣል፤ ማደሪያ ማለት ነው። አባቶቻችን ዳዊቱና ወንጌሉ የሚከተትበትን የቆዳ መያዣ ማኅደር አሉት፤ መጽሐፉ ያድርበታልና። የዛሬ ጸሐፊዎችም የሰው ጉዳይ የተጻፈበት ወረቀት ታስሮ የሚቀመጥበትን ማኅደር ይሉታል፤ የሰው ስም ያድርበታልና። እንግዲህ በሰው አገር ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው ሁለት ማኅደር አለው፤ አንዱ ሥጋው የሚያድርበት የኪራይ ቤት ነው፥ ሁለተኛውም ስሙ የሚያድርበት የመንግሥት መዝገብ ነው። ሁለቱ የተስማሙ እንደ ሆነ ሰውየው በሰላም ይኖራል። የተለያዩ እንደ ሆነ ግን ስሙ በአንድ ሰፈር ሲጠራ ሥጋው በሌላ ሰፈር ተኝቶ ይገኛል፤ ሳይሰማም ይፈረድበታል። ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ ወጥተው ባሕር ማዶ የሚኖሩ ልጆች አሉንና፥ በአሜሪካ ለአገልግሎት በቆየሁበት ዘመን ስለዚህ ነገር ያየሁትን ለአንባቢዎች ልጽፍ ወደድሁ።

በእኛ አገር ሰው ከወዴት ነህ ሲባል አጥቢያውን ይናገራል እንጂ የቤት ቁጥር አይጠየቅም። የአብነት ተማሪም ኑሮው እንዲሁ ነው። ከስማዳ የተነሣ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ድጓ ሊያስመሰክር ወደ ጋይንት ቤተልሔም፥ ወይም ዝማሬና መዋሥዕት ሊማር ወደ ዙር አምባ ቢሄድ መታወቂያ አምጣ የሚለው የለም። መምህሩ አገሩንና የተማረውን ይጠይቁታል፤ ጎጆ የቀለሰ ተማሪም ያስጠጋዋል። ከዚያ ወዲያ የስማዳው፥ የእስቴው እየተባለ ይጠራል፤ አገሩ ራሱ አድራሻ ይሆነዋል። እኔም ቅኔ በተማርሁበት ዘመን በዚህ ሥርዓት ኖሬአለሁ። ሥርዓቱ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን የሚሠራው ሰውና ሰው በሚተዋወቅበት አገር ነው።

ይህንም ስል መመዝገብ የባዕድ ልማድ ነው ማለቴ አይደለም። በከተሞቻችን ቀበሌ ከተቋቋመበት ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚዛወር ሰው መሸኛ ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል፤ መሸኛ የሌለው መታወቂያ ለማውጣት ይቸገራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅም የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ስለዚህ በነፋስ መውጫም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ያለ የከተማ ሰው ለነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።

በውጭ አገር ያለው ሥርዓት ግን እንደየአገሩ ይለያያል። በጀርመን አገር ቤት የገባ ሰው፥ ዜጋም ይሁን እንግዳ፥ በ2 ሳምንት ውስጥ ለማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቅ አለበት፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከኅዳር 2015 ወዲህም አከራዩ ተከራዬ ነው ብሎ የፈረመበትን ወረቀት ይዞ መቅረብ ይገባዋል። በኢጣልያ ደግሞ ግዴታው በባለቤቱ ላይ ነው፤ የውጭ አገር ሰው ያሳደረ ሁሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ባለ ሥልጣን በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። በአሜሪካ ግን ሸክሙ በራሱ በእንግዳው ላይ ነው። በዚያ አገር እንግዶችን የመመዝገብ ሕግ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1940 ወጣ፤ ለብዙ ዘመንም እንግዳው በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር አድራሻውን ያስታውቅ ነበር። ይህ ዓመታዊ ግዴታ በ1981 ቀረ፤ ቤት ሲለወጥ የማስታወቁ ግዴታ ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል። ዜጋ ያልሆነ ሰው፥ ከጥቂቶች እንደ ዲፕሎማት ካሉት በቀር፥ ግሪን ካርድ ቢኖረው እንኳ ቤት በለወጠ በ10 ቀን ውስጥ ኤ.አር. 11 በሚባለው ፎርም ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ማስታወቅ አለበት። ክፍያ የለውም። አውቆ የተወ ሰው ግን እስከ 30 ቀን እስራት ወይም መቀጮ ያገኘዋል፤ ከዚያም የሚከፋው ከአገር እስከ መውጣት ያደርሰዋል።

አሁን ያየሁትን ልናገር። በምናገለግልበት ቤተ ክርስቲያን አንድ ዲያቆን ነበረ፤ ጥገኝነት ጠይቆ ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ይታይ ነበር። አስቀድሞ ከዘመዶቹ ጋራ ይኖር ነበርና የእነርሱን አድራሻ ሰጠ። በኋላም አንድ ያገራችን ሰው በቤቱ ሥር ያለውን፥ በዚያ አገር ቤዝመንት የሚሉትን ክፍል፥ በርካሽ አከራየው። ሰውየው ደግ ነበረ፤ ኪራይ ቢዘገይበትም አይቆጣም፥ በዓመት በዓልም ተከራዩን ከማዕዱ ያስቀርበው ነበር። ነገር ግን አንድ ቃል አስገብቶታል፤ በዚህ ቤት ስም አንድም ወረቀት እንዳይመጣብኝ አለው። ክፍሉ መከራየቱ በከተማው ሹሞች ዘንድ እንዳይታወቅበት ፈርቶ ነው። ዲያቆኑም ያጎረሰውን እጅ ላለማስቀየም ዝም አለ። ዘመዶቹም በበኩላቸው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። የፍርድ ቤቱ መጥሪያ ማንም ወደማይኖርበት በር ሄዶ ቀረ፤ ዳኛውም ተጠርቶ ያልቀረበውን ሰው በሌለበት ከአገር እንዲወጣ ፈረዱበት። ይህንም ዲያቆኑ የሰማው ከወራት በኋላ ጠበቃ መዝገቡን ባየለት ጊዜ ነው።

ጠበቃው አቤቱታ ሊጽፍ፥ ዲያቆኑ ወዴት ይኖር እንደ ነበረ ባለቤቱ በጽሑፍ እንዲመሰክርለት ፈለገ። ከዲያቆኑ ጋራ ወደ ሰውየው ቤት ሄድሁ። ሰውየውም፥ «መሪጌታ፥ እኔ እንግዳ ተቀበልሁ እንጂ ምን በደልሁ? አሁን ራሴን በራሴ እንድከስ ይፈልጋሉ?» አለኝ። እኔም፥ «እንግዳ መቀበልዎ ጽድቅ ነው፤ ማንም አይወስድብዎትም። ነገር ግን አልጋ ሰጥተው ስሙን ደጅ አሳደሩት። ያ ፎርም ደግሞ የሚጠይቀው የልጁን ስምና አድራሻ ነው፤ የአከራይ ፈቃድና ፊርማ አይሻም» አልሁት። ብዙ ዝም አለ። በ3ኛው ቀን ግን ራሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ የተፈረመውን ወረቀት ሰጠን። አቤቱታው ገባ፤ እስኪታይም ድረስ ዲያቆኑ ከአገር አልወጣም። ሕጉ አድራሻውን ላላስታወቀ ሰው የጠነከረ ነውና እኔ ወደ አገሬ እስከ ተመለስሁ ድረስ ነገሩ አልተቆረጠም ነበር።

በዚያ ሰሞን ዲያቆኑ፥ «የኔታ፥ ሄሮድስም እኮ አድራሻ ጠይቆ ነበር፤ ሰብአ ሰገልም ሳይነግሩት በሌላ መንገድ ሄዱ» አለኝ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በዛሬ ጊዜ ብዙ ስደተኛ አድራሻዬን ብሰጥ መጥተው ይይዙኛል ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱንም ከንቱ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። መዝገብ ለፍርድም ለፍለጋም ያገለግላልና። ነገር ግን በዚያው በልደት ታሪክ ሁለት ነገር ተጽፏል። ዮሴፍ የቄሣርን ትእዛዝ ሰምቶ የፀነሰችውን ድንግል ይዞ ሊቈጠር ወደ ቤተልሔም ወጣ፤ ማደሪያ ባጣበት ከተማ እንኳ ስሙን ከማስጻፍ አልተከለከለም። ሰብአ ሰገል ግን ሕፃኑ ያለበትን ለሄሮድስ አልነገሩም። ቄሣር የፈለገው የሰውን ቍጥር ነው፤ ሄሮድስ የፈለገው የሕፃኑን ነፍስ ነው። ዮሴፍም ሄሮድስን በሸሸ ጊዜ ግብፅ ወረደ እንጂ ከሄሮድስ ዳኝነት እየለመነ በሄሮድስ አገር አልተሸሸገም። የእኛ ዲያቆን ግን ጥገኝነት ስጡኝ ብሎ ዳኛውን የጠራው እርሱ ራሱ ነው፤ ዳኛ የጠራ ሰው ደግሞ ደጁን መሰወር አይጠቅመውም። የሚፈራ ሰው ቢኖር አስቀድሞ ሕግ አዋቂ ይጠይቅ፤ ዝምታ ብቻውን ጠበቃ አይሆንም።

እንግዲህ ባሕር ማዶ ላሉ ወገኖቻችን ይህን እመክራለሁ። ለፖስታ ቤት አድራሻ መለወጥን መንገር ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት እንደ መንገር አይቈጠርም። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ያለ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ማስታወቁ አይበቃውም፤ ለፍርድ ቤቱ ደግሞ በሌላ ፎርም በ5 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። ያስታወቀበትን ማረጋገጫ እንደ ክርስትና ስም ማስታወሻ ጠብቆ ያኑር። የኪራይ ውሉን በጽሑፍ ያድርግ፤ በፖስታ ሳጥኑም ላይ ስሙ እንዲጻፍ ቤቱን ሲይዝ ይነጋገር። አከራይ የሆነ ወገንም እንግዳ መቀበል አልጋ ከመስጠት እንደሚበልጥ ይወቅ። እኛ ካህናትም ጠበልና ቁርባን ስንነግር፥ ቤት የለወጣችሁ አስታውቃችኋልን ብለን ብንጠይቅ ከአገልግሎታችን የወጣ ነገር አይሆንም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ ከተማ እስረኛ ሳለ በተከራየው ቤት 2 ዓመት ተቀመጠ፤ የሚጠብቀው ወታደርም ነበረ። ቤቱ የታወቀ ስለ ሆነ ወደ እርሱ የመጣውን ሁሉ ተቀበለ፥ በዚያም አስተማረ። የተከራየ ቤት ሰው የሚገባበት፥ መልእክትም የሚደርስበት ቤት ሊሆን ይችላልና፥ የስደተኞችን ደጅ የሚጠብቅ አምላክ ልጆቻችንን በያሉበት ይጠብቅልን።