ከዳዶ ባሕር ዳር እስከ ቀርሜሎስ፦ ከሐይፋ ሯጮች ጋር



ሐይፋ በተራራና በባሕር መካከል የተሠራች ከተማ መሆኗን በአውቶቡስ የተጓዘባት ሁሉ ያውቀዋል። ከታች ወደቡና ባቡሩ፣ ከላይ የቀርሜሎስ ተራራ፣ በመካከል ያለው ደግሞ ዳገትና ደረጃ ነው። በ1959 የተከፈተችው የምድር ውስጥ ባቡር ካርመሊት ከታችኛው ከተማ ተነሥታ እስከ ጋን ሀኤም ድረስ 274 ሜትር ሽቅብ ትወጣለች። ስለዚህ በዚህች ከተማ ሜዳ ላይ ልሩጥ የሚል ሰው መድረሻው ባሕር ዳር ነው። በደቡብ በኩል ያለው የዳዶ ባሕር ዳር ከሁሉ ይመቻል፤ ስሙም በ1973 የዮም ኪፑር ጦርነት ጊዜ ራማትካል ከነበሩት ከዳዊድ ኤልዓዛር የቅጽል ስም የመጣ ነው።

አካባቢው ለአዲስ ገቢ ባዕድ አይደለም። በ1949 የተከፈተው ሻዓር ሀዓሊያ የሚባለው የመቀበያ ሰፈር የነበረው እዚሁ አጠገብ ሲሆን፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከየአገሩ መጥተው አልፈውበታል። ዛሬም በአቅራቢያው ባለው በኔቬ ዳዊድ ወገኖቻችን ይኖራሉ። እኛም ከሰፈሩ ጥቂት ወላጆች ጋር ሆነን፣ በሳምንት ሁለት ቀን ማታ በባሕሩ ዳር ከሚሮጥ አንድ ቡድን ጋር መሮጥ ከጀመርን ቆይተናል።

በመጀመሪያ ጊዜ አንድ አባት ከአግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው አዩንና “ምነው ልጆቼ፣ ማን አሳደዳችሁ?” አሉን። እውነታቸውን ነው። በአገር ቤት ትልቅ ሰው የሚሮጠው ከብት እህል ውስጥ ሲገባ ወይም ክፉ ወሬ ሲመጣ ነው። እኛም ነቢዩ ኤልያስ ከዚሁ ከቀርሜሎስ ተነሥቶ በንጉሥ አክዓብ ሠረገላ ፊት እስከ ኢይዝራኤል መሮጡን አስታወስናቸው። አባታችን ስቀው “እሱማ ዝናብ ስለመጣበት ነው” አሉ። መጽሐፉን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ከእስራኤላውያኑ በኩል ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመን። ኢትዮጵያዊ ሁሉ ፈጣን ይመስላቸዋል። ምክንያት የላቸውም አይባልም፤ በዚህ አገር ኃይሌ ሳታይን ተብሎ የሚታወቀው አየለ ሰጠኝ እስራኤልን ወክሎ በ2004 በአቴንስ፣ ከዚያም ዕድሜው ከ50 አልፎ በ2008 በቤጂንግ የኦሊምፒክ ማራቶን ሮጧል። በ2022 በሙኒክ የአውሮፓ ሻምፒዮና ማሩ ተፈሪ ብር፣ ጋሻው አያሌ ነሐስ አግኝተዋል። ማሩ በ2023 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮናም ብር ደግሟል። እኛ ግን በባሕር ዳሩ ወበቅ ገና 10 ደቂቃ ሳንሞላ ትንፋሻችን አጠረ፤ ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው አንዲት ሴትዮ ሰላም ብለውን አለፉ! ከጎንደር ደጋ ለመጣ ሰው ይህ ወበቅ ቀላል አይደለም።

አሠልጣኙ ለጀማሪ የሚሰጠው ደንብ አንድ ነው፦ እየሮጣችሁ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ስለዚህ በዚህ ቡድን ውስጥ ማውራት ግዴታ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚወራውም በዕብራይስጥ ነው። እኛን በሥራችን ምክንያት ከሁሉ የበለጠ የሳበን ይህ ነው። በእኛ ባህል ታላቅን ሰው ዓይን ዓይኑን እያዩ መናገር ነውር ነው። በዚህ አገር ግን ዓይኑን የሰበረ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስላቸዋል። በጠረጴዛ ወዲያና ወዲህ ተቀምጠው ሁለት ጨዋ ሰዎች በዚህ የተነሣ ሲቀያየሙ ስንት ጊዜ አይተናል! በሩጫ ላይ ግን ሁሉም ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ጎን ለጎን ይሄዳል። ቃል ቢጠፋ እንኳ ዝምታው ትንፋሽ መሰብሰብ መስሎ ያልፋል።

ከእኛ ጋር የምትሮጥ አንዲት የአራት ልጆች እናት አለች። ኡልፓን ወራት ተቀምጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላ መናገር ታፍር ነበር። በእርምጃ የምትመጥናት ከሩሲያ የመጣች ጡረተኛ መሐንዲስ ሆነች። የሁለቱም ዕብራይስጥ የተሰባበረ ስለሆነ አንዷ በሌላዋ አታፍርም። መጀመሪያ የልጆች ስም ተነጋገሩ፣ ከዚያ የወጥ አሠራር፣ ከዚያ የኩፓት ሆሊም ወረፋ። ቀድሞ ከማዘጋጃ ቤትና ከትምህርት ቤት የሚደርሳትን ደብዳቤ ሁሉ በፌስታል ይዛ ወደ ቢሮአችን ትመጣ ነበር። አሁን ከሩጫ በኋላ አብረው ተቀምጠው ያነቡታል፤ ለሁለቱም ያልገባቸውን ብቻ ታመጣልናለች። ከአገር ቤት የእናቷ መርዶ በመጣ ጊዜ ያቺ ሩሲያዊት ሰባቱን ቀን እየተመላለሰች ለቅሶ ቤት ተቀመጠች። የሚባለው አንድም አይገባትም ነበር።

ሁሉም አልሰመረለትም። በፈረቃ የሚሠሩ ሁለት አባቶች በወሩ ተዉት፤ ሌሊት ፋብሪካ ቆሞ ላደረ ሰው ሩጫ ቅንጦት ነው።

የሰንበት ነገርም አለ። በሐይፋ ከብዙ ከተሞች በተለየ በሰንበት አውቶቡስ ይሄዳል፤ በሰንበት ጠዋት የሚሮጡ ቡድኖችም አሉ። ሰንበትን የሚያከብር ቤተሰብ ከመመዝገቡ በፊት ቀኑን ይጠይቅ። በሥራ ቀን ማታ ወይም ዓርብ ማለዳ፣ የሰንበቱ ዳቦ ሳይጋገር፣ የሚሮጥ ቡድን መፈለግ ይሻላል።

የት እንደሚገኙ በሰፈራችሁ ማትናስ ጠይቁ። መጀመሪያ አንድ ቀን ሞክሩ እንጂ ወዲያው ሆራአት ኬቫ አትፈርሙ። የጤና መግለጫ ቅጽ ሲሰጣችሁም አስነብባችሁ ፈርሙ፤ ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለበት አስቀድሞ ከቤተሰብ ሐኪሙ ጋር ይነጋገር። ከገንዘባችሁ የሚወጣ ነገር ቢኖር ለጫማው ይሁን። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ሳትወጣ ወይም ከጠለቀች በኋላ እንጂ በቀትር አይሮጥም፤ ውሃም ያዙ።

ጉልበቱ ሲጠና ወደ ላይ መውጣት የሚፈልግ ሰው ከጋን ሀኤም አጠገብ የሉዊ ታየሌት አለለት። አጭር ናት፤ ነገር ግን ወደቡና የባሕር ሰላጤው በሙሉ ከዚያ ይታያል፣ ሰማዩ ከጠራ ዓኮም ጭምር። ከሥሩ ባለው የባሃኢ የአትክልት ቦታ ውስጥ መሮጥ አይፈቀድም። የደከመው በካርመሊት ይወርዳል።